መታወቂያችንና ማንነታችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

«ማነህ?» ከሚለው ያጠረ ጥያቄ የለም፤ የሰውን ልጅ እንደዚህ ጥያቄ ያወዛገበውም የለም። ጃቢር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በር አንኳኩቶ ማን እንደሆነ በተጠየቀ ጊዜ «እኔ» ብሎ ቢመልስ፣ መልሱን እንዳልወደዱለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። «እኔ» የሚለው ቃል ለተናጋሪው ግልጽ ነው፤ በሩን ለሚከፍተው ሰው ግን ምንም አይነግረውም። ታዲያ ከ«እኔ» ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ምንድን ነው? የአባት ስም ነው? ሰፈር ነው? ብሔር ነው? ሃይማኖት ነው? በአገራችን ይህ ጥያቄ ሻይ እየጠጡ የሚጫወቱበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመልሱ ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለ፣ ከሥራ የተመለሰ፣ ሕይወቱንም ያጣ ሰው አለና በጥሞና ልናየው ይገባል።

አንድ ሰው፣ ብዙ መታወቂያ

ይህን ጽሑፍ የማዘጋጀው ሰንጋ ተራ ሆኜ ነው። ሰንጋ ተራ ስለ ማንነት ለማሰብ የምትመች ሰፈር ናት። ስሟ ስለ ሰንጋ ያወራል፤ ዛሬ ግን ሰንጋ አይታይባትም። የዘመን፣ የኅብረትና የንብ ባንኮችን ሕንፃዎች የመሳሰሉ ረጃጅም ፎቆች ቆመውባታል። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ግቢ ተጠጋግተው ይኖሩ ከነበሩት ነባር ነዋሪዎች ብዙዎቹ፣ መንደሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ በከተማዋ ዳር ዳር ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች ሄደዋል። ሆኖም ከእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች አንዱን ዛሬም «የየት ልጅ ነህ?» ብትሉት «የሰንጋ ተራ» ይላችኋል። ቤቱ የለም፣ ግቢው የለም፣ መልሱ ግን አለ።

ከእነዚሁ ልጆች አንዱ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ የሚገኝ ወጣት፣ በቅርቡ ከዙህር ሰላት በኋላ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። «አባቴ ስልጤ ነው፣ እናቴ የወሎ ሰው ናት። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚህ ነው። ስልጥኛ ስሰማ ይገባኛል እንጂ አልናገርም። ቅጽ ስሞላ ‹ብሔር› የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ይቆማል። ምን ልበል?» አለኝ። ይህ ጥያቄ የአንድ ወጣት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው።

የአባቱን ታሪክ ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። አባቱ በደርግ ዘመን በቀበሌ ስብሰባ «ጓድ» ይባሉ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መታወቂያ ሲያወጡ በብሔር መስመር ላይ «ጉራጌ» ተብሎ ተጻፈላቸው። በ1993 ዓ.ም. የስልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ማንነት ያለው መሆኑን ድምፅ ሰጥቶ ካረጋገጠ በኋላ ደግሞ በቀጣዩ መታወቂያቸው «ስልጤ» ተባሉ። የስልጤ ሕዝብ ስለ ራሱ የመወሰን መብቱን በሰላማዊ መንገድ መጠቀሙ የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን እንጠይቅ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ እኚህ አባት ተለውጠዋልን? ያው ሰው ናቸው። ለሱብሒ የሚነሱት፣ ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቁት፣ ሚዛን የማያጎድሉት ያው ሰው ናቸው። የተለወጠው ወረቀቱ ነው።

ለወጣቱ የሰጠሁት መልስ የሚከተለው ነበር። አባትህንም እናትህንም አትካድ፤ የወለደውን አባት ትቶ ለሌላ መጠጋት በኢስላም ከባድ ወንጀል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በኩራት ጥራ። ይሁን እንጂ ቅጹ የጠየቀህ ስለ አባትህና ስለ እናትህ መሆኑን እወቅ። ስለ አንተ ገና አልጠየቀህም።

ዘመን የሚሰጠው ስም

የአገራችንን ሙስሊሞች ታሪክ የተመለከተ ሰው፣ እያንዳንዱ ዘመን ለሰው የራሱን ስም ይዞ እንደሚመጣ ይረዳል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ፣ ቦሩ ሜዳ በተባለው ስፍራ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ አስገደዱ። ታላቁ የወሎ ገዥ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። እንደ ሸኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ያሉ ዑለማኦች እምቢ ብለው ተነሱ። ብዙው ሕዝብ ግን «ቀን ክርስቲያን፣ ማታ እስላም» የተባለለትን ኑሮ ኖረ። ቀን የተሰጠውን ስም ይዞ ዋለ፤ ሌሊት ተነስቶ ውዱእ አደረገ። ንጉሡ የሰዎቹን ስም መለወጥ ችለዋል፤ ሌሊት በጨለማ ማን ዘንድ እንደሚሰግዱ ግን መወሰን አልቻሉም። ታሪክ ሆነና የእኚሁ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋነኛው እስልምናን ተቀብለዋል የሚል ነበር።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «አገር የጋራ ነው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ይባል ነበር። ነገሩ በቃል ደረጃ መልካም ነው። በተግባር ግን ሙስሊሙ የሚጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ተብሎ ነበር። ይህን ሐረግ ልብ ብላችሁ አንብቡት። «የሚኖሩ» ማለት ምን ማለት ነው? ተከራይም ይኖራል፣ እንግዳም ይኖራል። ነጃሺ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሓቦች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተቀብሎ ካስጠለለበት አገር የበቀለ ሕዝብ፣ ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንደ እንግዳ ተቆጠረ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። «ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች» ተብለን እንጠራ የሚል ነው። በሰልፉ ላይ ብዙ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረው መውጣታቸው ለታሪክ የሚቀመጥ ነው። አንድ ሕዝብ ለአንዲት ቃል ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ ጉዳዩ የሰዋስው ጉዳይ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሦስቱን ኢስላማዊ በዓላት በአገር ደረጃ እንዲከበሩ ማድረጉን አንክድም። ነገር ግን እርሱም የራሱን ስም ይዞ መጣ፤ ሰውን በመደብ ከፈለው። ከደርግ በኋላ የመጣው ሥርዓት ደግሞ ብሔርን ከፊት አስቀደመ፤ በመታወቂያ ላይም ጻፈው። አሁን በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ ብሔርንም ሃይማኖትንም አይጠይቅም። የሚመዘግበው ስምን፣ የትውልድ ቀንን፣ ጾታንና አድራሻን፣ ከዚያም የጣትን አሻራ፣ የዓይንን ብሌንና የፊትን ምስል ነው።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? መንግሥታት የሚሰጡን ስም እንደ ዘመኑ ይወጣል፣ ይወርዳል። ማንነቱን በዚያ ስም ላይ ብቻ የገነባ ሰው፣ ዘመኑ ሲለወጥ ቤቱ ይፈርስበታል። ይህ ማለት ግን የሚሰጠን ስም ምንም አይደለም ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ በአንዳንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ ሲከለከሉና ለብሔራዊ ፈተና ለመመዝገብ ሲቸገሩ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ሲደርስ ሁላችንም ተከታትለናል። ሰውን «ወይ እምነትሽን፣ ወይ ትምህርትሽን» ብሎ ማስመረጥ ግፍ ነው። መብትን በሕግና በሰላም መጠየቅም ግዴታ ነው። እኔ የምለው፣ መብታችንን ከመንግሥት እንጠይቅ፤ ማንነታችንን ግን ከመንግሥት አንጠብቅ ነው።

ሰው የአካባቢው ውጤት ብቻ ነውን?

በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች ሰው የአካባቢው ውጤት ነው የሚለውን ትምህርት ጠግበን ወጥተናል። ማርክስ ሰው የሚያስበውን የሚወስነው ማኅበራዊ ኑሮው ነው አለ። ፍሮይድ የሰውን ማንነት ቁልፍ በልጅነቱና በተሰወረው ፍላጎቱ ውስጥ ፈለገ። በሁለቱም ውስጥ የእውነት ፍንጣቂ እንዳለ ኢስላም አይክድም። እያንዳንዱ ሕፃን በፊጥራ፣ ማለትም አላህ በፈጠረው ንጹሕ ተፈጥሮ ላይ እንደሚወለድና ወላጆቹ ወደየራሳቸው እምነት እንደሚወስዱት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ሰው በወዳጁ መንገድ ላይ እንደሚሄድና ስለዚህም ማንን እንደሚወዳጅ ሊመለከት እንደሚገባ ነግረውናል። ሽቶ ሻጭ ዘንድ የተቀመጠ መልካም ሽታ ይዞ እንደሚነሳ፣ የአንጥረኛን ወናፍ የተጠጋም በእሳቱ ልብሱ እንደሚቃጠል ወይም መጥፎ ሽታ እንደሚያገኘው መስለውልናል። ወላጅ፣ ጓደኛ፣ ሰፈር ሁሉ ይቀርፁናል።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ያደጉት በፊርዐውን ቤተ መንግሥት ነው፤ ፊርዐውንን ግን አልሆኑም። የፊርዐውን ሚስት አሲያ በዘመኑ ትልቁ ግፈኛ ቤት ውስጥ እየኖረች ቁርኣን ለአማኞች ሁሉ ምሳሌ አድርጎ አቀረባት። በተቃራኒው የኑሕ (ዐ.ሰ) ልጅ በነቢይ ቤት አደገ፤ መርከቡ ላይ ግን አልወጣም። አካባቢ ሁሉንም የሚወስን ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሦስቱ ታሪኮች ባልኖሩ ነበር። አካባቢ ይገፋል፤ የሚራመደው ግን ሰው ራሱ ነው።

ኢስላም ያጠፋውና ያላጠፋው

አንዳንድ ወንድሞች «ሙስሊም ነኝ፤ ስለዚህ ብሔርም ቋንቋም የለኝም» ሲሉ ይሰማሉ። ኒያቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አባባሉ ግን ልክ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት የሰው ልጆችን ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት እንደፈጠረ፣ ጎሳና ነገድ ያደረገንም እንድንተዋወቅ እንደሆነ፣ ከእርሱ ዘንድ የምንበላለጠው ግን በተቅዋ ብቻ እንደሆነ ነግሮናል። በሱረቱ ሩም ደግሞ የቋንቋዎቻችንንና የቀለማችንን መለያየት ከተአምራቱ ቆጥሮታል። አላህ ተአምር ያለውን እኛ እንዴት ነውር እንለዋለን?

ሶሓቦችን ተመልከቱ። ቢላል እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠሩት «አል-ሐበሺ» ተብለው ነው። ሰልማን «አል-ፋሪሲ»፣ ሱሀይብም «አር-ሩሚ» ናቸው። ዘይድ (ረ.ዐ) የሙሐመድ ልጅ ይባሉ ነበር፤ ቁርኣን ልጆችን በወለዷቸው አባቶች ስም ጥሩ ብሎ ሲያዝ ወደ አባታቸው ወደ ሓሪሣ ተመለሱ። ኢስላም የማንንም ዘርና አገር አልፋቀም። የፋቀው በዘርና በአገር ላይ ተደርቦ የነበረውን የበላይነትና የበታችነት ነው። ከቁረይሽ የተወለደው የነቢዩ አጎት አቡ ለሀብ በቁርኣን ተወገዘ፤ የሐበሻው ባሪያ የነበሩት የቢላል ኮቴ ድምፅ ግን በጀነት ተሰማ።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ዘር በሰደቡት ጊዜ፣ ያን የመሰለ ታላቅ ሶሓባ በውስጡ የጃሂሊያ ነገር እንዳለበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውታል። እንግዲህ እኛስ? በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ተመልሰው ሲመጡ ብዙዎቹ የነገሩን ታሪክ ነበር። አብረዋቸው የሰገዱ ሰዎች «ሐበሺ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ሲጠቀሙበት ሰምተዋል። የቢላል የክብር ስም በቢላል ቂብላ አገር ስድብ ሆነ። ሰላት መስገድ ብቻውን ጃሂሊያን ከልብ አያወጣም ማለት ነው። ይህን ስል ሌሎችን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። በእኛም መስጊዶች ልጁን ለሌላ ብሔር ሙስሊም አልድርም የሚል፣ በሰደቃው ላይ የአገሩን ሰው ብቻ የሚያስታውስ፣ የእጅ ሙያተኛን ዘር የሚንቅ አለ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን የሙረይሲዕ ዘመቻ ታሪክ ነው። ከሙሃጂሮች አንዱ ከአንሷሮች አንዱን በእግሩ መታው፤ አንዱ «አንሷሮች ሆይ!» ሲል፣ ሌላው «ሙሃጂሮች ሆይ!» ሲል ተጣሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይህን የጃሂሊያ ጥሪ አወገዙት፤ የሚገማ ነገር ስለሆነ እንዲተዉትም አዘዙ። ልብ በሉ! «ሙሃጂር»ና «አንሷር» የጎሳ ስሞች አይደሉም። አላህ በቁርኣኑ ያሞገሳቸው ስሞች ናቸው። የተከበረው ስም ለወገንተኝነት ሲጠሩበት ግን ገማ። እኛም በየካቲት ወር 1987 ዓ.ም. በታላቁ አንዋር መስጊድ በመጅሊስ ጉዳይ የተነሳው ውዝግብ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት መድረሱን አንረሳም። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ዑለማኦቻችን ልዩነታቸውን ይዘው በአንድነት ለመሥራት ሲስማሙ ብዙዎች ያለቀሱት የዚያን ጠባሳ ጥልቀት ስለሚያውቁ ነው። ከዚያ በኋላም መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። «ሱፊ»፣ «ሰለፊ» የሚለው ስም መማሪያ ሲሆን እውቀት ነው፤ የጦር መጥሪያ ሲሆን ግን ያው የሚገማው ነገር ነው።

ታዲያ ማንነትን የሚቀርፀው ምንድን ነው?

ይህን በቀላል ምሳሌ እንየው። በአዲስ አበባ ቄራ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እርድ የሚፈጸመው በተለያየ ክፍል ነው። ከአንድ በረት የወጡ፣ አንድ ሣር የበሉ ሁለት ሰንጋዎች አሉ እንበል። ሲታረዱ የተጠራባቸው ስም ይለያቸዋል። ሙስሊሙ የጨረቃ ምልክት ያለበትን ሥጋ ቤት ፈልጎ ሁለት መንገድ ያቋርጣል። ደግ አደረገ። ነገር ግን ቢስሚላህ የተባለበትን ሥጋ እንዲህ የሚመርጠው ሰው፣ ሥጋውን የገዛበት ገንዘብ ቢስሚላህ ሊባልበት ይችላልን? ጉቦ ሲቀበል፣ ሚዛን ሲያጎድል፣ ከጎረቤቱ ቤት መፍረስ ሲያተርፍ የማንን ስም ጠርቶ ነው? ማንነታችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሆነው በማን ስም እንደሚነሳና በማን ስም እንደሚሠራ ነው፤ ደጋግሞ የሠራው ነገር ደግሞ እርሱን ራሱን መልሶ ይሠራዋል።

ቁርኣን ስለ ነፍስ ሲነግረን ነፍስ አንድ ቦታ እንደማትቆም ያሳየናል። ወደ መጥፎ የምታዝ ነፍስ አለች፤ ራሷን የምትወቅስ (ለዋማ) ነፍስ አለች፤ በአላህ የረጋች (ሙጥመኢንና) ነፍስ አለች። ዘራችን ከተወለድንበት ቀን ጀምሮ አይለወጥም። ነፍሳችን ግን በየቀኑ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ስለዚህ ዘርን፣ ቋንቋን፣ ሰፈርን የምንመለከትበት ትክክለኛው ስም አማና ነው። ሳንጠይቅ የተሰጡን አደራዎች ናቸው። ስለ ተሰጠን አንመካም፤ በተሰጠን አናፍርም፤ ምን እንዳደረግንበት ግን እንጠየቃለን። ስልጤ ሆኖ መወለድ ምንዳም ቅጣትም የለውም፤ የስልጤን አባት ማክበር ግን ምንዳ አለው። አማርኛ መናገር ደረጃ አይጨምርም፤ በአማርኛ እውነት መመስከር ግን ይጨምራል።

በሱረቱል ሐሽር አላህ (ሱ.ወ) እርሱን እንደረሱትና እርሱም ራሳቸውን እንዳስረሳቸው ሰዎች እንዳንሆን ያስጠነቅቀናል። ይህ ስለ ማንነት ከተነገረው ሁሉ ጥልቁ ነው። ሰው ራሱን ፍለጋ ብዙ ይደክማል፤ በዘር ይፈልገዋል፣ በገንዘብ ይፈልገዋል፣ በሰው ጭብጨባ ይፈልገዋል። አላህን ረስቶ ግን ራሱን አያገኝም። ሠሪውን የረሳ ዕቃ ለምን እንደተሠራ ከማን ይጠይቃል?

ውድ አንባቢያን፣ በቀብር ውስጥ የሚቀርቡልን ጥያቄዎች ጌታህ ማነው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ ነቢይህስ ማነው የሚሉ ናቸው። ብሔር የሚል መስመር እዚያ የለም፤ ሰፈር የሚልም የለም። መልሱም በምላስ ቅልጥፍና አይመለስም፤ የኖረው ኑሮ ይመልሳል። የዛሬው መታወቂያ የአሥሩንም ጣቶቻችንን አሻራ ይወስዳል፤ ምክንያቱም በዓለም ላይ ሌላ የሚመስለው የለም። አላህ የጣቶቻችንን ጫፎች እንኳ አስተካክሎ መመለስ እንደሚችል በሱረቱል ቂያማ ነግሮናል። በያሲን ሱራ ደግሞ በዚያ ቀን አፎች ይታተማሉ፣ እጆች ይናገራሉ፣ እግሮችም ይመሰክራሉ። ያን ቀን እነዚህ ጣቶች የማን ልጅ እንደሆንን አይናገሩም። ምን እንደነኩ፣ ምን እንደፈረሙ፣ ለማን እንደተዘረጉ፣ በማን ላይ እንደተጠቆሙ ይናገራሉ። ዛሬ ገና በእጃችን ውስጥ ናቸውና የሚናገሩትን መልካም እናድርግላቸው።

አላህ እርሱን ከማይረሱት፣ ራሳቸውንም ከማይስቱት ባሮቹ ያድርገን። አገራችንን ሰላም ያድርግልን፤ ልጆቿን በመተዋወቅ እንጂ በመናናቅ አያኑራቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።